የአዌቱን ውኃ በኮምፒዩተር ማፍሰስ፦ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 9

ማታ አንዲት መምህርት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። ሰባተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የጅማውን አዌቱ ወንዝ ተከትለው ነው ወደ ሰፈራቸው የሚሄዱት። ዝናብ ሲበረታ ወንዙ ይሞላል። አንዳንዶቹ ድልድዩ ድረስ መዞር ይሰለቻቸውና ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። «ስነግራቸው ይሰሙኛል፣ ግን አያምኑኝም» አለችኝ። «የሚያዩት ነገር ሥራልኝ። አሥራ ሁለት ሴኮንድ ይበቃኛል። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ቢደርስልኝ።»

እሺ አልኳት። የእኔ ሥራ የቤት ዲዛይን በስሪ ዲ ማሳየት ነው። ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በረንዳ። እነዚህ ባሉበት ይቆማሉ። የሚፈስ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ብሌንደር በሚባለው የስሪ ዲ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን ዝግጁ የውኃ መሣሪያ ከፍቼ ሞከርኩ። አንድ ሰዓት አልፈጀም፣ ውኃ ወጣ። ግን ማር ይመስላል። ድንጋዩን ለስለስ ብሎ ይዞረዋል፣ ከኋላው ተገናኝቶ ዝም ብሎ ይሄዳል። ይህን ያየ ልጅ አይፈራም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። እኔ ማሳየት ያለብኝ ግን መውሰዱን ነው።

ግንቦት 11

ኮምፒዩተሩን ትቼ ወንዝ ወረድኩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የዘነበው ዝናብ ውኃውን አደፍርሶታል። ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ ነው።

ከሰፈራችን ወረድ ብሎ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ውኃው ውስጥ ቆሟል። የድሮ የእግረኛ መሻገሪያ ትራፊ ነው። ውፍረቱን ባለፈው የበጋ ወር ለክቼ ባላውቅም ዛሬ ዳር ላይ የወደቀ ጓደኛው ነበርና እሱን ለካሁት፤ 20 ሳንቲ ሜትር። ዳሩ ላይ ሁለት ድንጋይ በ6 ሜትር ልዩነት አስቀመጥኩ። ከዚያ ከላይ ደረቅ ቅርንጫፍ እየጣልኩ ሰዓት ያዝኩ። አምስት ጊዜ ሞከርኩት። ቅርንጫፉ 6 ሜትሩን በ5 ሴኮንድ ገደማ ነው የሚያልፈው። በሴኮንድ 1.2 ሜትር ማለት ነው። ሰው በእርጋታ ሲራመድ የሚሄደው ፍጥነት ነው። አስፈሪ አይመስልም።

ከግንዱ ኋላ ያለውን ውኃ በስልኬ በዝግታ ቀረጻ ወሰድኩ። አዙሪት በግራ ይወጣል፣ ቀጥሎ በቀኝ፣ ደግሞ በግራ። እየተፈራረቀ። እያንዳንዱ አዙሪት ወደ ታች እየሄደ ይሰፋል፣ ከዚያ ወደ ትናንሽ አዙሪቶች ይበጣጠሳል።

ከብት ሊያጠጡ የመጡ አንድ አዛውንት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ምንም አልጠፋብኝም አባ። ውኃውን እየለካሁ ነው።»

«እሱን ተወው፣ መሀሉ መንገዱን ያውቃል» አሉኝና በበትራቸው ወደ ዳር ጠቆሙኝ። «እዚያ ጋ እይ። እዚያ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከብቶቼ እንኳ እዚያ አይገቡም።»

አየሁ። ዳሩ ገባ ያለበት ቦታ ላይ አረፋና ቅጠል ተሰብስቦ ወደ ላይ፣ ወደ መጣበት እየተመለሰ ነው። ማስታወሻዬ ላይ «ዳር ላይ ይመለሳል» ብዬ ጻፍኩና ወደ ግንዴ ተመለስኩ። ዛሬ ጉዳዬ ግንዱ ነበር።

ግንቦት 12

ቁጥሮቹን ይዤ ቁጭ አልኩ።

እ.ኤ.አ. በ1883 ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባለ መሐንዲስ ማንቸስተር ውስጥ በብርጭቆ ቱቦ ውኃ እያፈሰሰ በመሀሉ ቀለም ለቀቀ። ውኃው ቀስ ሲል ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ። ሲፈጥን ክሩ ተበጣጠሰና ቱቦውን ሞላው። መቼ እንደሚበጣጠስ የሚናገር አንድ ቁጥር አገኘ። ፍጥነቱን በቱቦው ወይም በእንቅፋቱ ስፋት ታባዛለህ፣ ከዚያ በፈሳሹ ዝልግልግነት፣ ማለትም በውፍረቱ፣ ታካፍላለህ። በቱቦ ውስጥ ይህ ቁጥር 2,000 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ፍሰቱ መታወክ ይጀምራል።

የእኔ ግንድ ቱቦ አይደለም፣ ድንበሩም ይለያል። ቁጥሩ ግን ይወጣል። 1.2 ሜትር በሴኮንድ፣ 0.2 ሜትር ስፋት፣ የውኃ ዝልግልግነት ደግሞ የሜትር ካሬ አንድ ሚሊዮንኛ በሴኮንድ። ውጤቱ 240,000። ማር ቢሆን ኖሮ ዝልግልግነቱ በብዙ ሺህ እጥፍ ስለሚበልጥ ቁጥሩ በጣም ትንሽ ይሆን ነበር። ስክሪኔ ላይ ያየሁት ማር የመሰለኝ በምክንያት ነው። ኮምፒዩተሩ ውኃዬን ሳያስፈቅደኝ አወፍሮታል ማለት ነው። የት ቦታ ላይ እንዳወፈረው ማግኘት አለብኝ።

ሌላም ነገር አሰላሁ። ስትሮሃል የሚባል የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1878 ነፋስ ሽቦን ሲያስጮኽ ያጠና ነበር። ከክብ እንቅፋት ኋላ አዙሪት በስንት ጊዜ ልዩነት እንደሚወጣ የሚገልጽ ቁጥር በስሙ ተጠርቷል። ለእንደኔ ዓይነት ፍሰት 0.2 ገደማ ነው። 0.2 ሲባዛ በ1.2 ሲካፈል ለ0.2፣ ይህ በሴኮንድ 1.2 ነው። በ10 ሴኮንድ ከአንድ ጎን 12 አዙሪት መውጣት አለበት።

ቪዲዮውን ከፍቼ ቆጠርኩ። 11። ደግሜ ቆጠርኩ። 11። ደስታዬን መግለጽ ይከብደኛል። ሻይ እንደፈሰሰበት ውኃ ሆኖ የሚታየኝ ወንዝ፣ ስሌቱን አውቆ የሚፈስ ይመስል ነበር።

ከዚያ መጥፎው ዜና መጣ። ትልቁ አዙሪት ጉልበቱን ለትንሹ ይሰጣል፣ ትንሹ ለባሰው ትንሽ። ኮልሞጎሮቭ የተባለ የሩሲያ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1941 ይህ ሰንሰለት የት ላይ እንደሚያበቃ አሳየ። ለእኔ ግንድ ትንሹ አዙሪት በግምት 0.02 ሚሊ ሜትር ነው። ከፀጉር ይቀጥናል። ሁሉንም በትክክል ልያዝ ብል ከአንድ ትሪሊዮን በላይ ትናንሽ ሳጥኖች ያስፈልጉኛል። የእኔ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ባይት ራም ነው ያለው። በዓለም ላይ የፊልም ውኃ የሚሠሩትም ይህን አያደርጉም። ሁሉም ትልልቁን ያሰላል፣ ትንሹን በብልሃት ይተካል።

ግንቦት 16

ዝግጁውን መሣሪያ ትቼ ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ የራሴን ትንሽ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ፍሰቱን በስሌት የሚያስመስል ፕሮግራም፣ ጻፍኩ። ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ ወንዝ፣ ጠፍጣፋ። ወንዙ ሴል በሚባሉ ትናንሽ ሳጥኖች ተከፍሏል፤ ርዝመቱ 256 ሴል፣ ስፋቱ 128። መሀል ላይ ክብ ግንድ።

አሠራሩ የኮምፒዩተር ግራፊክስ ተመራማሪው ጆስ ስታም እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረበው ነው። ሦስት እርምጃ አለው። ኃይል ጨምር። ውኃውን አንቀሳቅስ። ከዚያ ውኃው የትም እንዳይጨመቅና የትም እንዳይጎድል በግፊት አስተካክል። የመጨረሻው እርምጃ ጊዜ ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ሴል ከጎረቤቶቹ ጋር ደጋግሞ መስማማት አለበት። እኔ 40 ዙር አዙሬዋለሁ። 20 ሲሆን ውኃው ግንዱ ፊት ላይ እየሰረገ ይጠፋ ነበር።

ብልሃቱ ያለው ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው። ከስታም በፊት በግራፊክስ የተለመዱት ዘዴዎች እርምጃው ሲረዝም ይፈነዱ ነበር፤ ቁጥሩ ያብጥና ስክሪኑ ይነጣል። እሱ አቅጣጫውን ገለበጠው። እያንዳንዱ ሴል «ወዴት ልሂድ?» አይልም። «አሁን እዚህ ያለው ውኃ ቅድም የት ነበር?» ይላል። ወደ ኋላ ያያል፣ እዚያ የነበረውን ፍጥነት ይወስዳል። መቼም አይፈነዳም።

አልፈነዳም። ግን አሁንም ማር ነው። ከግንዱ ኋላ ሁለት አዙሪት ይወጣና ሦስት ግንድ ያህል ሳይርቅ ይሟሟል።

ግንቦት 17

አገኘሁት።

ሴሉ ወደ ኋላ ሲያይ የሚደርሰው በአራት ሴሎች መካከል ነው። ስለዚህ የአራቱን አማካይ ይወስዳል። በእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም በእያንዳንዱ የቪዲዮ ምስል፣ አማካይ፣ የአማካይ አማካይ። እማዬ ቡና ስታፈላ ዱቄቱ አንድ ነው፣ ውኃ እየጨመረች አቦል፣ ቶና፣ በረካ ትቀዳለች። የእኔም አዙሪት እንደዚያ ነው። አንደኛው ፍሬም ላይ አቦል የነበረው ሦስተኛው ላይ በረካ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም አለ። የትኛው አዙሪት ይተርፋል?

ኮዱ ውስጥ ዝልግልግነትን ዜሮ አድርጌዋለሁ። ግን አማካይ መውሰዱ ራሱ ዝልግልግነት ሆኖ ገብቷል። ያወፈረው ይሄ ነው።

ግንቦት 19

ሌሊት መብራት ጠፋ። ባትሪው አንድ ሰዓት ያዘና ሞተ። የስድስት ሰዓት ስሌት ውኃ በላው። ዛሬ ኮዱ በየ10 ፍሬሙ ወደ ዲስክ እንዲያስቀምጥና ካቆመበት እንዲቀጥል አደረግሁት። ይህን መጀመሪያ ቀን ማድረግ ነበረብኝ።

ግንቦት 23

ሁለት መድኃኒት ሞከርኩ።

የመጀመሪያው ማኮርማክ ይባላል። ውኃውን ወደ ፊት ታንቀሳቅሳለህ፣ ከዚያ ውጤቱን መልሰህ ወደ ኋላ ታንቀሳቅሰዋለህ። ስህተት ባይኖር የተነሳህበት ቦታ ትደርስ ነበር። የጎደለው ልዩነት ስህተትህ ነው፤ ግማሹን መልሰህ ትጨምራለህ። ስሌቱ በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ግን አዙሪቶቹ አሁን አሥር ግንድ ያህል ርቀት ይሄዳሉ። በ10 ሴኮንድ ከአንድ ጎን 12 ቆጠርኩ። ከወንዙ 11 ጋር ተቀራረብን።

ሁለተኛው አዙሪትን መልሶ የሚያጠነክር ኃይል ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ለጭስ ሲጠቀሙበት ታዋቂ ሆነ። ኮምፒዩተሩ አዙሪት ያለበትን ቦታ ይፈልጋል፣ ዙሪያውን ትንሽ ይገፋዋል። ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስን አንድ ቁጥር አለ። በ0.3 ቆንጆ ነበር። በ1 የተናደደ ንብ መሰለ። በ2 ውኃው እንደ ድስት ፈላ። 0.25 ላይ ተውኩት። መድኃኒትም ሲበዛ መርዝ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጥብ መሆን ያዋጣል።

ግንቦት 28

አሁን ለትናንሾቹ አዙሪቶች። የእኔ ሴሎች ሊይዟቸው አይችሉም፤ ስለዚህ ከውጭ መጨመር አለብኝ።

መጀመሪያ ዝም ብዬ የዘፈቀደ ቁጥር ጨመርኩ። ውኃው አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ኬን ፐርሊን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሠራው ለስላሳ ኖይዝ (የዘፈቀደ ቁጥሮች ስብስብ) የተሻለ ነው፤ የጎረቤት ቁጥሮች ይቀራረባሉ። ግን እሱንም በቀጥታ ፍጥነት ካደረግከው አንድ ቦታ ላይ ውኃ ይሰበሰባል፣ ሌላ ቦታ ላይ ባዶ ይሆናል። ውኃ ደግሞ አይጨመቅም። ቅጠሎች ብበትንበት ሁሉም ሄደው ጥቂት ነጥቦች ላይ ተከመሩ።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2007 ሮበርት ብሪድሰንና ባልደረቦቹ ያሳዩት ነው። ኖይዙን ፍጥነት አታድርገው፤ እንደ ኮረብታና ሸለቆ ካርታ ቁጠረው። ውኃው ቁልቁል አይወርድም፣ ኮረብታውን ይዞራል፤ ልክ ሰው ተራራን በአንድ ከፍታ ዙሪያውን እንደሚዞረው። ዙሪያውን የሚዞር ውኃ አይከማችም፣ አይጎድልም። ሒሳቡ ራሱ ዋስትና ይሰጥሃል። ኮዱ ስምንት መስመር ነው። ስምንት መስመር ይህን ያህል ሲሠራ ሳይ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

አራት መጠን ደራረብኩ፤ 16 ሳንቲ፣ 8፣ 4፣ 2። ኮልሞጎሮቭ ትንሹ አዙሪት ከትልቁ ምን ያህል እንደሚዘገይ ይነግረናል፤ መጠኑ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ በ0.8 ገደማ ይባዛል። እሱን ተከተልኩ።

ከዚያ ወንዙ ሙሉ ላይ ዘረጋሁት። ሃይድሮሊክስ የተማረ ጓደኛዬ ማታ መጥቶ አየው።

«ያምራል» አለ። ትንሽ ቆየና «ግን አዌቱ አይደለም» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሁሉም ቦታ እኩል ይፈላል። ወንዝ እንደዚህ አይደለም እኮ። የሚረጋበት አለው፣ የሚቆጣበት አለው።»

ሰኔ 1

ለሦስት ቀን ምንም የረባ ነገር አልሠራሁም። ጓደኛዬ ያለው ትክክል እንደሆነ ገብቶኛል። ኖይዙን የት ልጨምር፣ የት ልተው የሚለውን ግን አላወቅሁም። በእጄ ስዕል እየሣልኩ «እዚህ ብዙ፣ እዚህ ትንሽ» ብዬ ሞከርኩ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነብኝ። እንደዚያ በሣልኩ ቁጥር ውኃው ስዕል ይመስላል።

ሰኔ 3

ዛሬ ጠዋት የድሮ ማስታወሻዬን ስገልጥ «ዳር ላይ ይመለሳል» የሚለውን አገኘሁ። አዛውንቱ በበትራቸው ያሳዩኝ ቦታ።

የእኔን ሲሙሌሽን ከፍቼ ዳሩን አየሁ። ዳር ላይ ምንም የሚመለስ ነገር የለም። ውኃው ግድግዳውን ታክኮ እንደ ባቡር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለምን?

ኮዱን አነበብኩ። ግድግዳዎቹን «የሚያንሸራትቱ» አድርጌያቸዋለሁ። ውኃው ወደ ግድግዳው እንዳይገባ ብቻ ነው የከለከልኩት፤ ታክኮ ሲሄድ ምንም አይይዘውም። ብዙ የማስተማሪያ ኮዶች እንደዚህ ናቸው፤ ቀላል ስለሆነ። ዳሩም ቀጥ ያለ መስመር ነው። እኔ ወንዝ አልሠራሁም፣ ቦይ ነው የሠራሁት።

እውነተኛ ውኃ ግን ድንጋይን ሲነካ ይጣበቅበታል። ልክ የሚነካው ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ትንሽ ራቅ ሲል ይሮጣል። አንዱ ቆሞ ጎረቤቱ ሲሮጥ መሀል ላይ ያለው ውኃ ይሽከረከራል። አዙሪት የሚወለደው እዚያ ነው። ፈሳሹ አንድ ወጥ ከሆነ መሀል ወንዝ ላይ ከባዶ አይወለድም፤ ከዳር፣ ከድንጋይ፣ ከግንድ፣ ከወለል ይነሳል፣ ከዚያ ተላቆ ወደ መሀል ይሄዳል። ይህን ስረዳ የሦስት ሳምንት ሥራዬ በአንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ። እኔ ትርምሱን ከላይ እንደ በርበሬ ስነሰንስ ነበር። ወንዙ ግን ከጠርዙ ነው የሚያበቅለው።

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ።

ዳሩን ከስልኬ ፎቶ ላይ አየሁና እንደ እውነተኛው አጎበጥኩት። ገባ ያለውን ቦታ፣ ሁለቱን ትልልቅ ድንጋዮች፣ ሥሩ የወጣውን ዛፍ። ግድግዳዎቹ ውኃ እንዲይዙ አደረግሁ። ከዚያ አዲስ ቁጥር ጨመርኩ፤ «የትርምስ መጠን» ብዬዋለሁ። ጠንካራ ነገር አጠገብ ፍጥነቱ በኃይል በሚለዋወጥበት ቦታ ይፈጠራል፣ ውኃው ይዞት ይሄዳል፣ በመንገዱ እየደከመ ይጠፋል። ኖይዙ የሚጨመረው ይህ ቁጥር ባለበት ብቻ ነው። ግማሹ እስኪጠፋ 2 ሴኮንድ ሰጠሁት። በ1.2 ሜትር ፍጥነት 2.4 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። ወንዙ ላይ ከግንዱ ኋላ የታወከው ውኃ የሚረጋውም እዚያው አካባቢ ነው።

ማታ 2 ሰዓት ላይ አስነሳሁት። ዳሩ ገባ ያለበት ላይ ውኃው ቀስ ብሎ ዞረ። የበተንኳቸው ቅጠሎች ወደ ላይ ሄዱ። ወደ መጡበት።

ለጓደኛዬ ቪዲዮውን ላክሁለት። «አዌቱ» ብሎ መለሰልኝ። አንድ ቃል።

ሰኔ 5

አዛውንቱን ፈልጌ ወንዝ ወረድኩ። አገኘኋቸው። ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ስክሪኑን በእጃቸው ከፀሐይ ከልለው አዩ።

«ቅጠሉ ይመለሳል» አሉ።

«አዎ አባ። እርስዎ ነዎት ያሳዩኝ።»

«ታዲያ ግንዱስ?»

ዞሬ አየሁ። ግንዱ የለም። ከትናንት በስቲያ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ወስዶታል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ግንድ።

ሰኔ 9

ከጠፍጣፋው ወደ ሦስት ገጽታ ተሻገርኩ። እዚህ ላይ ወደ ብሌንደር ተመልሻለሁ፤ በራሴ ፓይተን ቢሆን ክረምቱ ያልቅ ነበር። የተማርኩትን ግን ይዤ ነው የሄድኩት። ዳሩን አጎበጥኩ፣ ወለሉ ላይ ድንጋይ ደረደርኩ፣ የትርምሱን ኃይል ግንዱና ዳሩ አጠገብ ብቻ አስቀመጥኩ።

የብሌንደር ዘዴ ፍሊፕ ይባላል። ግፊቱ በሴሎች ላይ ይሰላል፣ ውኃውን የሚሸከሙት ግን ቅንጣቶች ናቸው። ቅንጣት ፍጥነቱን ራሱ ይዞ ስለሚሄድ የአቦልና የበረካው ችግር በጣም ይቀንሳል። ጨርሶ በቅንጣቶቹ ብቻ ከታመነ ደግሞ ውኃው ይንጫጫል። 97 ከመቶ ፍሊፕ፣ ቀሪው የድሮው ለስላሳ ዘዴ ሆኖ እንዲደባለቅ ተውኩት።

መጠኑ 12 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ከፍታ። ሴሉ 4 ሳንቲ ሜትር። 300 በ150 በ50፣ ማለትም 2,250,000 ሴል። ግንዱ አምስት ሴል ብቻ ነው የሚሰፋው። ሴሉን 2 ሳንቲ ላድርገው ብዬ ነበር። የሴሉ ብዛት ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ የጊዜው እርምጃም በግማሽ ያጥራል፤ ሥራው 16 እጥፍ ነው። አሁን አንድ ፍሬም 4 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። 288 ፍሬም ማለት 19 ሰዓት። በ16 ሲባዛ ወደ 13 ቀን። አይሆንም።

ሰኔ 11

19 ሰዓቱ አለቀ። መብራትም ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ካቆመበት ቀጠለ።

ውኃው ግን የባልዲ ውኃ ይመስላል። ትርምሱ አለ፣ አዙሪቱ አለ፣ ግን ሁሉም ነገር ይቸኩላል። የጎደለውን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ወንዙን መጀመሪያ ስሠራ ቀለል እንዲል በአሥር አሳንሼው ነበር። የመሬት ስበቱ ግን ያው ነው። 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ወንዝ ላይ ሞገድ የሚወድቀው እንደ ጣሳ ውኃ ነው። ጊዜው በአሥር ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ3.16 እጥፍ ይፈጥናል። ድሮ በትንሽ ሞዴል መርከብ የሚቀርጹ ሰዎች ካሜራውን አፍጥነው ቀርጸው በዝግታ የሚያሳዩት በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ወንዙን ወደ እውነተኛ መጠኑ መለስኩትና እንደገና 19 ሰዓት ጀመርኩ።

ሰኔ 14

ቀለም። ስለ ውኃ ያየኋቸው ማስተማሪያዎች በሙሉ ስለ ጥራትና ስለ ሰማያዊነት ያወራሉ። የክረምት አዌቱ ውስጥ ብርሃን አይገባም። ቡናማ ነው፣ አፈር ተሸክሟል። ይህ ሥራውን አቀለለልኝ፤ ወለሉን ማሳየት አያስፈልግም፣ ሬንደሩም (የመጨረሻውን ምስል ማውጣቱ) ፈጠነ። ልጆቹ ማየት ያለባቸውም ይህን ነው፤ እግር የሚገባበት አይታይም።

አረፋው መጀመሪያ ሳሙና መሰለ። ነጩን ቀነስኩ፣ ትንሽ ቢጫ ጨመርኩ። ካሜራውን ከመሬት 1.2 ሜትር ላይ አስቀመጥኩ። የአንድ ልጅ ዓይን ያለበት ከፍታ ነው።

መምህርቷ ማታ ደውላ «እግሩን ምን ያህል ይገፋዋል? በቁጥር ንገረኝ» አለችኝ። አብረን አሰላነው። የልጅ እግር ውፍረቱ 10 ሳንቲ፣ ውኃው የገባበት ጥልቀት 40 ሳንቲ፣ ፍጥነቱ 1.2 ሜትር። ወደ 29 ኒውተን ይመጣል፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ 3 ኪሎ ያህል ወደ ጎን ይገፋል። ጎርፉ ሲመጣና ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ 12 ኪሎ። ከዚህም ሌላ ከእግሩ ኋላ የሚወጣው አዙሪት ያው የግንዱ አዙሪት ነው። 0.2 ሲባዛ በ1.2 ሲካፈል ለ0.1፤ በሴኮንድ 2.4 ጊዜ። እግሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቀንቀዋል። ልጁ ደግሞ ይህን ጊዜ አንድ እግሩን አንስቶ ሊራመድ ነው።

ስልኩ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን።

በአኒሜሽኑ ውስጥ ግንዱን አወጣሁና በቦታው ሁለት እግር አቆምኩ። ልጅ አላሳይም። እግር ብቻ።

ሰኔ 18

አሳየቻቸው። እኔም ከኋላ ቁጭ ብዬ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ፕሮጀክተር የለም፤ ላፕቶፔን ወንበር ላይ አድርገን ልጆቹ በሦስት ዙር ከበው አዩ።

መጀመሪያ ዙር ላይ ሳቅ ነበር። እግሩ ሲነቀነቅ ሳቁ ቆመ። አንዲት ልጅ «ድገሙት» አለች። ደገምነው። አንድ ልጅ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ዳሩን አሳየ። «እዚህ ጋ ይመለሳል። እኛ ሰፈርም እንደዚህ ነው። ኳሳችን የገባችው እዚያ ነው፣ አልወጣችም።»

ከዚያ ያው ልጅ ጠየቀኝ። «አረፋው ለምን እዚያ አይከማችም? እኛ ጋ አረፋው ክብ ሠርቶ ይቆማል።»

ትክክል ነው። አረፋዬ ከሦስት ሴኮንድ በኋላ እንዲጠፋ አድርጌው ነበር፤ ሬንደሩ እንዳይከብድ ብዬ። ዳሩ ላይ ውኃው ይዞራል፣ አረፋው ግን ለመሰብሰብ ጊዜ አያገኝም። ውኃው እንደሚመለስ ለልጅ የሚነግረው ያ የቆመ አረፋ ነው፤ ወንዙ ዳር ሲደርሱ የሚያውቁት በእሱ ነው።

ቤት ገብቼ የአረፋውን ዕድሜ ወደ 20 ሴኮንድ ከፍ አደረግሁ፣ ገባ ባለው ዳር ብቻ። መምህርቷ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ሰኔ 21 ላይ ለስምንተኛ ክፍሎችም ልታሳይ ትፈልጋለች። ውኃውን እንደገና ማስላት አያስፈልግም፣ አረፋውንና ሬንደሩን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ 40 ፍሬሞች ወጥተዋል። ዳሩ ላይ ቡናማ ክብ እየተሰበሰበ ነው። የቀረውን ለሌሊት ትቼው ልተኛ ነው።